«ሲቪል» ማለት ምን ማለት ነው? ለእኛስ ምናችን ነው?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሂሳብ ሠራተኛችን የቀረበ ንግግር)



የዓመቱ የሂሳብ ሪፖርት ታትሞ በየእጃችሁ ስላለ ዛሬ ቁጥር አላነብላችሁም። በምትኩ ስለ አንዲት ቃል ልናገር ሰብሳቢያችንን አስፈቅጃለሁ። ቃሏ «ሲቪል» የምትለው ናት። አንዲት እናታችን ቢሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የምዝገባ ምስክር ወረቀታችንን አስነብበው «ሲቪል ማለት ወታደር ያልሆነ ማለት አይደለም እንዴ? እኛን ደግሞ ማን ወታደር ናችሁ አለን?» ብለው ጠየቁኝ። የነበርነው ሁሉ ሳቅን። ጥያቄው ግን የሚያስቅ ብቻ አልነበረም። ቃሏ በመዝገብ ቤት በር ላይ፣ በፍርድ ቤት ወረቀት ላይ፣ በምዝገባ ምስክር ወረቀታችን ላይ፣ በለጋሾች ደብዳቤ ላይ አለች። በየቦታው የምትሰጠው ትርጉም ይለያያል። ያልተረዳናት ቀን የምንጎዳው ደግሞ እኛው ነን።

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም። በሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ ያለኝ፣ የማኅበራችሁን መዝገብ የምይዝ ሠራተኛ ነኝ። የሂሳብ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ግን እያንዳንዱን ነገር በየመደቡ ማስቀመጥ ነው። ቁጠባ ከብድር፣ የለጋሽ ገንዘብ ከአባላት መዋጮ ከተቀላቀለ፣ ድምሩ ልክ ቢሆን እንኳ ሂሳቡ ልክ አይደለም። «ሲቪል» የምትለው ቃልም ሥራዋ መለየት ነው። አንዱን ነገር ከሌላው ትለያለች። ስለዚህ ትርጉሟን ለማወቅ ሁልጊዜ «ከምን የተለየ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ቃሉ ከየት መጣ?

ሥሩ ላቲን ነው። «ሲቪስ» ማለት ዜጋ፣ በአንድ ከተማ ሙሉ መብት ያለው ነዋሪ ማለት ነው። «ሲቪሊስ» ደግሞ የዜጋ የሆነ፣ ዜጋን የሚመለከት ማለት ነው። ከዚያ በፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ በ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ። «ሲቪሊያን» የሚለው ቃል እንኳ መጀመሪያ የሮማውያንን ሕግ የሚያጠና ሊቅ ማለት ነበር። ወታደር ያልሆነ ሰው የሚለውን ትርጉም ያገኘው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው።

የእኛም ቋንቋ የሚመሳሰል ነገር አለው። በድሮው አነጋገር ወታደርና ባላገር ተለይተው ይጠሩ ነበር። ባላገር ማለት ባለ አገር፣ የአገሩ ባለቤት ማለት ነው። ዛሬ ከተማ ውስጥ እንደ ስድብ የሚወረወረው ቃል ትርጉሙ ከ«ሲቪስ» ብዙ የራቀ አይደለም።

እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሚለውን እኛ በብዙ ቃል ነው የምንለው። ሲቪል ሕግ ፍትሐ ብሔር ነው። ሲቪል መዝገብ በሕጋችን የክብር መዝገብ ተብሏል። ሲቪል ጦርነት የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ሲቪል እምቢተኝነት ሕዝባዊ እምቢተኝነት ነው። ሲቪል ሰው ሰላማዊ ሰው ነው። ሲቪል ሰርቫንት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ሰውን «ሲቪል ነው» ሲሉ ደግሞ ጨዋ ነው ማለታቸው ነው። ተርጓሚዎቻችን ቃሉን በየቦታው ከምን እንደሚለይ እያዩ ነው የተረጎሙት። እኔም ዛሬ አራቱን መለያዎች አንድ በአንድ አሳያችኋለሁ፤ ከወታደር፣ ከሃይማኖትና ከባህል ሥርዓት፣ ከወንጀል፣ ከመንግሥት።

ከወታደር የተለየ

ይህ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ፖሊስ የደንብ ልብሱን አውልቆ ሲመጣ «ሲቪል ለብሷል» እንላለን። ሲቪል መሐንዲስ የሚባለውም ከዚህ የመጣ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጆን ስሚተን የተባለ እንግሊዛዊ ድልድይ፣ ወደብና ለመርከብ ምልክት የሚሰጥ የመብራት ማማ ይሠራ ነበር። በዚያ ዘመን መሐንዲስ ሲባል በብዛት ምሽግ የሚሠራ የጦር ሰው ነበርና፣ የእሱ ሥራ ለሕዝብ መሆኑን ለመለየት ራሱን ሲቪል መሐንዲስ ብሎ ጠራ። ሲቪል አቪዬሽንም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 በቺካጎ የተፈረመው ስምምነት የጦር፣ የጉምሩክና የፖሊስ አገልግሎት አውሮፕላኖችን ለይቶ የመንግሥት ናቸው ይላል፤ ስምምነቱ የሚመለከተው ከእነዚህ ውጭ ያሉትን ሲቪል አውሮፕላኖች ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የጦርነት ጊዜ ትርጉሙ ነው። እ.ኤ.አ. የ1949ኙ አራተኛው የጄኔቫ ስምምነት ሲቪል ሰዎችን በጦርነት ጊዜ ለመጠበቅ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የተጨመረው የመጀመሪያው ፕሮቶኮል ደግሞ አንድ ሰው ሲቪል መሆን አለመሆኑ ካጠራጠረ፣ ሲቪል ነው ተብሎ ይቆጠራል ይላል። ኢትዮጵያም ተቀብላዋለች። ከመካከላችን ከግጭት ሸሽተው፣ ልጅ አዝለው፣ ቤት ንብረት ጥለው መጥተው ማኅበራችንን የተቀላቀሉ እህቶች አሉ። ለእነሱ ይህ ቃል የመዝገበ ቃላት ጉዳይ አይደለም፤ የሕይወት ጉዳይ ነው። ደንቡን ልብ በሉልኝ፤ በተጠራጠርን ጊዜ ጥርጣሬውን ለሰውየው መጠበቂያ እናደርገዋለን ነው የሚለው። ይህ ዓይነት አሠራር ወደኋላ በቤተሰብ ሕጋችንም ይመጣል።

ከሃይማኖትና ከባህል ሥርዓት የተለየ

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አዲስ አበባ ውስጥ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት የሚያስመዘግበው መሥሪያ ቤት በስሙ ላይ «ሲቪል ምዝገባ» የሚል አለበት። ይህ «ሲቪል» ከወታደር ጋር የሚያገናኘው የለም። ልጁ ክርስትና ተነሣም አልተነሣም፣ ኒካሕ ታሰረም ተክሊል ተደረገም፣ ሽማግሌ ተልኮ በባህል ተጋቡም፣ መንግሥት ለሁሉም ዜጋ በአንድ ዓይነት መዝገብ ይጽፋል ማለት ነው።

የቤተሰብ ሕጋችን፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ሦስት ዓይነት ጋብቻ ያውቃል፤ በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸም፣ በሃይማኖት የሚፈጸምና በባህል የሚፈጸም። ሦስቱም በውጤታቸው እኩል ናቸው። በሦስቱም ግን መመዝገብ ያስፈልጋል። (ይህ አዋጅ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ብዙ ክልሎች የየራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ አውጥተዋል።)

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ ብዙ አንቀጾችን ጽፎ ነበር። ነገር ግን ማብቂያው ላይ፣ እነዚህ አንቀጾች ሌላ ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ አይሠሩም አለ። ትእዛዙ ሳይወጣ ዘመን አለፈ። በመላ አገሪቱ አንድ ወጥ ምዝገባ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት፣ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ መሆኑ ነው። ስለዚህ የብዙ እናቶቻችን ጋብቻ በወረቀት ላይ አለመኖሩ የእነሱ ስንፍና አይደለም፤ የሚመዘግበው አልነበረም። ዛሬ ግን አለ። በአዋጁ መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባሉ።

ይህ ለምን ያስፈልገናል? ንብረት ስላለን ነው። የቤተሰብ ሕጉ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት በባል ስም ብቻ ቢመዘገብ እንኳ የግሉ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል ይላል። የሕጉ ግምት ለሁለቱም የሚሠራ ቢሆንም፣ በተግባር ስሟ ያልተጻፈላትን ሴት የሚጠብቅ ነው። በእርግጥ ይህ ግምት የሚሠራው ጋብቻ መኖሩ ሲታወቅ ነው። ምስክር ወረቀት ከሌለ ጋብቻው የለም ማለት አይደለም፤ በምስክርም ማስረዳት ይቻላል። ነገር ግን ባል በሞተ ማግስት፣ ወይም ጠበኛ ዘመድ ቤቱን በከበበ ጊዜ፣ ምስክር ፍለጋ ከመሮጥ ከኪስ አንዲት ወረቀት ማውጣት ይቀላል። እኛ ለስንት ብር ደረሰኝ እንይዛለን። ለአንድ ዕድሜ ትዳር ደረሰኝ አለመያዝ የሂሳብ ሰውን ያስጨንቃል።

ከወንጀል የተለየ

አሁን ዛሬ እንድናገር ወዳነሣሣኝ ጉዳይ ደረስኩ።

ከተዘዋዋሪ ብድራችን ወስዳ መክፈል ያቆመች አንዲት እህታችን እንዳለች አብዛኛዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ስሟን አልጠራም፤ እናንተም አትጥሩት። እንጀራ ጋግራ ለመሸጥ ነበር የወሰደችው። ቤቷ በሽታ ገባ፤ ሥራው ቆመ፤ አምስት ወር ሳትከፍል ቀረች። ዋስ የሆኑላት ሁለት እህቶች ከስብሰባ መቅረት ጀመሩ። ባለፈው የቡድን መሪዎች ስብሰባ ላይ «ለፖሊስ እንስጣት» የሚል ሐሳብ ተነሣ። ሐሳቡን ያነሡት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ብድር ለመውሰድ ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች አሉ፤ ያልተመለሰው ገንዘብ የእነሱ ነው። ቁጣቸው ይገባኛል። መንገዱ ግን የእኛ መንገድ አይደለም።

የፍትሐ ብሔር ጉዳይና የወንጀል ጉዳይ ሁለት የተለያዩ መደቦች ናቸው። «ፍትሐ ብሔር» የሚለውን ስም ተመልከቱት። በግእዝ ብሔር አገር፣ ምድር ነው። የአገሬው ሰው እርስ በርሱ የሚዳኝበት ፍትሕ ማለት ነው። ውል፣ ብድር፣ ዋስትና፣ ኪራይ፣ ውርስ፣ ጋብቻ በዚህ ውስጥ ናቸው። የ1952ቱን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ ሕጉ 3,367 አንቀጾች አሉት፤ ከ1953 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን ጀምሮ ይሠራል። ዛሬም ብድራችን የሚዳኘው በእሱ ነው።

በወንጀል የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው፤ ውጤቱም ቅጣት ነው። በፍትሐ ብሔር የሚከሰው ባለጉዳዩ ራሱ ነው፤ ውጤቱም መብትን ማስመለስ ነው። በወንጀል ጥፋቱ ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። በፍትሐ ብሔር ግን ያንተ ወይስ የእሷ ማስረጃ ሚዛን ደፋ ነው የሚባለው። ፖሊስ የወንጀል መንገድ በር ነው። የብድር መንገድ በሩ ውይይት፣ ሽምግልና፣ በመጨረሻም የፍትሐ ብሔር ችሎት ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ዓለም አቀፍ ቃል ኪዳንም በ11ኛው አንቀጹ፣ ማንም ሰው በውል የገባውን ግዴታ ለመፈጸም ባለመቻሉ ብቻ አይታሰርም ይላል።

«ታዲያ ወስዶ መቅረት እንዲህ ቀላል ነው?» ትሉኛላችሁ። አይደለም። ወንጀል የሚሆን ነገር አለ። ገንዘብ ያዥ የማኅበሩን ገንዘብ ለራሷ ብታውል እምነት ማጉደል ነው። በሐሰት ሰነድ፣ በሌላ ሰው መታወቂያ ብድር የወሰደ አታላይ ነው። ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠትም በወንጀል ያስጠይቃል። እነዚህ ወደ ፖሊስ ይሄዳሉ፤ እኔው ራሴ ሰነዱን ይዤ እሄዳለሁ። ሠርታ ልትከፍል ወስዳ ያቃታት ሴት ግን ከእነዚህ ጋር በአንድ መደብ አትጻፍም። እንዲህ ብናደርግ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ፣ ገንዘቡ አይመለስም፤ የታሰረች ሴት እንጀራ አትጋግርም። ሁለተኛ፣ ነገ የቸገራት ሁሉ ከእኛ ትሸሻለች። ዛሬ ሁለት ዋሶች ከስብሰባ ቀሩ፤ ነገ ስንት እንደሚቀሩ አስቡ።

የፍትሐ ብሔር መንገድ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ዋጋውም ወረቀት ነው። ስለዚህ እነዚህን ስድስት ነገሮች ያዙልኝ።

አንደኛ፣ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ ካልሆነ፣ ወይም ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም ካልማለ በቀር ማስረዳት አይቻልም። «እገሊት እያየች ነው የሰጠኋት» አይበቃም።

ሁለተኛ፣ የጽሑፍ ውሉ ላይ ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙ።

ሦስተኛ፣ ማንበብና መጻፍ የማትችል እህታችን ወይም ዓይነ ስውር የሆነች አባላችን የምታደርገው ውል፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝገብ ሹም ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድዳትም። ይህ እሷን ለመጠበቅ የተጻፈ ነው። እኛንም ይጠብቀናል፤ ጣት አስነክቶ ብቻ ማበደር ለሁለቱም ወገን አደጋ ነው።

አራተኛ፣ ዋስትና በግልጽ መጻፍ አለበት፤ እስከ ስንት ብር እንደሆነም ካልተጻፈ ዋስትናው አይጸናም። ዋስ የምትሆኑ እህቶች ደግሞ ይህን እወቁ። ተራ ዋስ ከሆናችሁ «መጀመሪያ የተበዳሪዋ ንብረት ይታይ» ማለት ትችላላችሁ። ከተበዳሪዋ ጋር በአንድነት ዋስ ከሆናችሁ ግን አበዳሪው በቀጥታ እናንተን መጠየቅ ይችላል። ከመፈረማችሁ በፊት የቱ እንደሆነ አስነብቡ።

አምስተኛ፣ ተዋዋዮች ሊስማሙበት የሚችሉት የብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም። በወር ሁለት በመቶ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ሂሳቡን እንሥራው። 20,000 ብር በወር ሁለት በመቶ 400 ብር ነው፤ በዓመት 4,800 ብር። በ12 በመቶ ግን 2,400 ብር ነው። እጥፍ ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ በወር እየቆረጡ የሚያበድሩ ሰዎች ሲያጋጥሟችሁ ይህን አስታውሱ።

ስድስተኛ፣ በቤተሰብ ሕጉ መሠረት ከባልና ሚስት አንዳቸው ከ500 ብር በላይ ለመበደር፣ ለማበደር ወይም ዋስ ለመሆን የሌላኛቸው ስምምነት ያስፈልጋል። የብድር ቅጻችን ላይ ለትዳር ጓደኛ ፊርማ ቦታ የተተወው ለዚህ ነው። እሱም ሳያማክራችሁ ለሌላ ሰው ዋስ ቢሆን፣ ፍርድ ቤት እንዲያፈርስላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ጊዜ ስለሚያልፍበት ግን እንዳወቃችሁ ፈጥናችሁ ነው።

ይርጋንም አትርሱ። ሕጉ ሌላ ጊዜ ካልወሰነ በቀር ከውል የመጣ መብት በ10 ዓመት ይቋረጣል። አንዳንዶቻችን የእናቶቻችንን የብድር ወረቀት ሳጥን ውስጥ አስቀምጠን «አንድ ቀን እንጠይቃለን» እንላለን። ያ ቀን ሊያልፍ ይችላል።

ከመንግሥት የተለየ

አሁን የእናታችን ጥያቄ መልስ ያገኛል። በምስክር ወረቀታችን ላይ ያለው «ሲቪል» የሚለየን ከወታደር አይደለም። ከመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከትርፍ ነጋዴ ነው። ሲቪል ማኅበረሰብ ማለት ዜጎች በገዛ ፈቃዳቸው ተሰባስበው፣ መንግሥት ሳያዛቸው፣ ትርፍ ሳይከፋፈሉ፣ ለጋራ ጉዳያቸው የሚሠሩበት ቦታ ነው። እድርና እቁብ ይህን ሥራ ከእኛ በፊት ሲሠሩ ኖረዋል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 በእነሱ ላይ አይሠራም፤ እኛን የመሰለ የተመዘገበ ማኅበር ግን በእሱ ሥር ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን አዋጅ ቁጥር 621/2001 የምታስታውሱ አላችሁ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ሲሰጥ የኖረው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ሥራውን በእጅጉ እንዲቀንስ ተገዶ ነበር። አዲሱ አዋጅ ያንን ክልከላ አነሣ። ዛሬ እኔ እዚህ ቆሜ ስለ ጋብቻ ምዝገባና ስለ ንብረት ስናገር፣ በለጋሽ ገንዘብ በታተመ መጽሔትም ሲወጣ፣ ሕግ የጣስን አይደለንም። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከመንግሥት የተለየን መሆን ግን ተጠሪ የለንም ማለት አይደለም። አዋጁ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት የአስተዳደር ወጪው ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ሂሳባችን ይመረመራል፤ ሪፖርታችን ለባለሥልጣኑ ይገባል። ለለጋሾቻችንም የምለው አለኝ። በሪፖርቱ ላይ «በጊዜው ያልተመለሰ ብድር» የሚል መስመር ታያላችሁ። ያንን መስመር አልደበቅነውም፤ ከ«ጠፋ ገንዘብ» ጋርም አልቀላቀልነውም። ያልተመለሰ ብድር የሚሰበሰብ ገንዘብ ነው፤ ከኋላውም ሰው አለ። ቁጥሩን ዝቅ ለማድረግ ብላችሁ በሰው ላይ እንድንጨክን እንደማትፈልጉ አውቃለሁ። እኛም ለእናንተ አዝነን እውነቱን አንሸፍንም።

ጨዋነት

መጨረሻ ላይ ያስቀረሁት አንድ ትርጉም አለ። እንግሊዝኛው «ሲቪል» ሲል ጨዋ፣ ሥርዓት ያለው ማለቱም ነው። ዜጋ ከዜጋ ጋር እንደሚነጋገር የሚነጋገር። የእኛ «ጨዋ» ደግሞ የሄደበት መንገድ ይገርማል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ጨዋ የንጉሡ ጭፍራ፣ የጦር ሠራዊት መጠሪያ ነበር። በቤተ ክህነት አነጋገር ደግሞ ጨዋ ማለት ካህን ያልሆነ፣ ያልተማረ ሰው ነው። ዛሬ ጨዋ ስንል ታጋሽ፣ ሰው አክባሪ፣ ቃሉን ጠባቂ ማለታችን ነው። የጭፍራ ስም የነበረው የደግ ሰው ስም ሆነ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው፣ ብድር መክፈል ያቃታት አባል መጀመሪያ በቡድኗ፣ ቀጥሎ በሽምግልና ኮሚቴ ፊት ቀርባ፣ እንደ አቅሟ አዲስ የአከፋፈል ጊዜ በጽሑፍ እንድትፈርም፤ ይህ ሁሉ አልሆን ሲል ብቻ ጉዳዩ ወደ ፍትሐ ብሔር ችሎት እንዲሄድ። ማታለልና እምነት ማጉደል ካልሆነ በቀር ፖሊስ የሚለው ቃል በብድር ስብሰባችን ላይ እንዳይነሣ። ስለ እህታችንም በስሌት ልናገር። ቀሪ ዕዳዋን በአሥራ ስምንት ወር ብናካፍለው፣ ወርኃዊ ክፍያዋ ከበፊቱ ከግማሽ በታች ይሆናል። ወረፋ የሚጠብቁት ሴቶች ይዘገያሉ እንጂ አይቀሩም። ዋሶቿም ወደ ስብሰባ ይመለሳሉ።

ሁለተኛው፣ በየቡድኑ አንዲት አንባቢ አባል ተመርጣ፣ ማንኛዋም እህት ከመፈረሟ በፊት ውሉን በጆሮዋ እንድታነብላት። ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ወደ ውል አዋዋይ አብራ እንድትሄድ።

ሦስተኛው፣ እስከሚቀጥለው ጉባኤ ድረስ እያንዳንዷ አባል የጋብቻዋንና የልጆቿን ልደት ምዝገባ እንድትጨርስ። ወረዳ ሄዶ ወረፋ መያዝ ለብቻ ይሰለቻል፤ በቡድን ብንሄድ ግን ወሬም አለ፣ ልጅ የሚይዝም አለ። የምዝገባ ቀን ለምትመርጡ ቡድኖች ቅጹን በመሙላት እኔ እረዳለሁ።

ዜጋ መሆን የሚጀምረው ከዚህ ነው። ስማችን በመዝገብ ላይ መኖሩ፣ ቃላችን በወረቀት ላይ መኖሩ፣ ያጠፋነውን ሳይሆን ያቃተንን በጨዋነት ማስታመማችን። ሐሳቦቹን አንድ በአንድ ለውይይት ክፍት አደርጋለሁ፤ የተቃወመም ይቃወም፤ መልስ ለመስጠት እዚሁ ነኝ።